የሮናልዶ ቦርጭና የማንኩሽ ጨው

እ.ኤ.አ. በ2006 የጀርመን ዓለም ዋንጫ ወቅት በየዲኤስቲቪ ቤቱ የታደመው ኳስ አፍቃሪ ብራዚላዊውን ሮናልዶ ያላለው ነገር አልነበረም። «ቦርጫም ሆነ»፣ «ጠገበ»፣ «መሮጥ ሰለቸው»። ፌኖሜኖው ጋና ላይ 15ኛ የዓለም ዋንጫ ጎሉን አስቆጥሮ የጊዜውን ሪከርድ ሲጨብጥ እንኳ ፌዙ አልቆመም።

በየካቲት 2011 በ34 ዓመቱ ሳኦ ፓውሎ ላይ እንባ እየተናነቀው ጫማውን ሲሰቅል ግን አዲስ ነገር ተናገረ። ከአራት ዓመት በፊት ሚላን እያለ ሃይፖታይሮይዲዝም እንዳለበት ታውቆ ነበር፤ የታይሮይድ ዕጢው ሥራውን አዘግሟል ማለት ነው። መድኃኒቱን ያልወሰደው ዶፒንግ እንዳይሆንበት ሰግቶ እንደሆነም ገለጸ። እዚህ ላይ እንኳን ነገሩ አከራካሪ ነው። የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ያኔም ቢሆን በዋዳ የክልከላ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ዕጢው ሲደክም የሚጨምረው ክብደትም አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ነው። ቦርጩን ሁሉ በዕጢው ማሳበብ አይቻልም፤ የታመመን ሰው ሰነፍ ማለትም ያው ነው።

ለመሆኑ ይህ ዕጢ ምንድን ነው? ከማንቁርት በታች እንደ ቢራቢሮ ክንፉን ዘርግቶ የተቀመጠ ትንሽ ነገር ነው። በኳስ ቋንቋ ካወራን የመሐል አማካዩ እሱ ነው፤ የጨዋታውን ፍጥነት ይወስናል። ሲያዘግም ሰውየው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ፀጉሩ ይነቃቀላል፣ ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል። ሲፈጥን ደግሞ እየበላ ይከሳል፣ ልቡ ይመታበታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ አንዳንዱም ዓይኑ ይፈጣል። አሜሪካዊቷ ሯጭ ጌል ዴቨርስ የያዛት ይኸኛው፣ ግሬቭስ የሚባለው ነበር። በ1991 እግሯ ሊቆረጥ ተቃርቦ፣ በ1992 ደራርቱ ቱሉ በነገሠችበት በዚያው ባርሴሎና የ100 ሜትር ወርቅ ወሰደች።

በእኛ አገር የዚህ ዕጢ ዋነኛ ችግር ሌላ ነው፤ እሱም ከጨው ይጀምራል። ዕጢው ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። ዝናብና ጎርፍ ደጋግሞ ያጠበው አፈር አዮዲን የለውም፣ የሚበቅልበት እህልም እንደዚያው። ዕጢው የጎደለውን ለማካካስ ሲታገል ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይህንን ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን የምንተርተው እንቅርት ለአገራችን ሰው እንግዳ ስላልሆነ ነው።

በ2005 በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ከታዩት ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው። ከ30 በመቶ በላይ ከተገኘባቸው አራት ክልሎች አንዱ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነበር። የጉባ ወረዳዋ ማንኩሽ ስሟ የሚነሳው ከህዳሴው ግድብ ጋር ነው። ግድቡ በተጀመረበት፣ ሮናልዶም ኳስ ባቆመበት በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አወጣ። ቀድሞ ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው በ1998ቱ ጦርነት ተቋርጦ፣ ገበያውን የአፋሩ አፍዴራ ጨው ይዞት ነበር።

ከአፋር ማንኩሽ ማለት ከአገሪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ነው። አዮዲን ደግሞ ፀሐይ፣ እርጥበትና እሳት አይወድም። ክፍት ጆንያ ውስጥ የከረመ፣ «ይጥራ» ተብሎ በውሃ የታጠበ፣ ወጡ ሳይበስል ገና የተጨመረ ጨው አዮዲኑን እያጣ ይሄዳል። ስለዚህ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።

ምልክቱን ማወቅ ላይ ማንኩሽ የራሷ ጣጣ አላት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር «ሞቀኝ» ያለ ሁሉ ታይሮይድ አለበት አይባልም! እዚያ የሚያጠራጥረው ሌላው ሲያልበው የሚበርደው ሰው ነው።

ለማየት መስታወት ፊት አገጭን ቀና አድርጎ ውሃ መጎንጨት ነው። ከማንቁርት በታች ያለ እብጠት ስንውጥ አብሮ ከወጣና ከወረደ ምናልባት ታይሮይድ ነው። እብጠት ስላለ ብቻ ግን ሆርሞኑ በዝቷል ወይ አንሷል አይባልም፤ ያንን የሚለየው ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ ነው። የቆየ እንቅርት ያለበት ሰው በራሱ ፈቃድ የአዮዲን መድኃኒት ቢወስድ ዕጢው ከልክ በላይ ሊፈጥንበት ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ቀጠሮ ባታረዝም ይሻላል፤ የእሷ አዮዲን ማነስ የጽንሱን አንጎል ይጎዳል። እብጠቱ ከጠጠረ፣ ቶሎ ካደገ፣ ድምፅ ካጎረነነ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከለከለ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው።