ድንጉጡ እባብና የመርሳ ካብ

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ከሄደ ዓመታት ተቆጥረዋል። አንድ ምሽት መርሳ፣ ግቢያችን ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቡና እየጠጣን ሳለ በቪዲዮ ደወለና አንድ የመስታወት ሣጥን አሳየን። ሣጥኑ ውስጥ ቡናማና ጥቁር የድር ልቃቂት የመሰለ ነገር ተቀምጧል። ልቃቂቱ ቀስ ብሎ ተነፈሰ። አክስቴ «ቢስሚላህ!» ብላ ስልኩን ልትጥለው ምንም አልቀራት።

«እባብ ነው እማ፤ ገዝቼው ነው» አላት። ቁጣዋን በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረና ችግሩን ነገረኝ። እጁን ባስገባ ቁጥር እባቡ ይጠቀለላል፤ አንዳንዴም «ሽሽሽ» እያለ ይወረወርበታል፤ ሁለት ጊዜ ነክሶታል። «መርዝ የለውም፤ ግን ለምን ጠላኝ?» አለ።

ይህች «ለምን ጠላኝ» የምትል ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ። መልሷን ስፈልግ ያገኘሁት ነገር በጣም ስለገረመኝ ለእናንተ ሳልነግር ማደር አልቻልሁም።

መጀመሪያ እንግዳውን ላስተዋውቃችሁ። ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ባለው ሜዳ የሚኖር ትንሽ ዘንዶ ነው፤ የእኛ ቆላ ትልቁ ዘንዶ ዘመድ ማለት ነው። አድጎ አድጎ ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም፤ በደንብ ከተያዘ ግን 20 እና 30 ዓመት ይኖራል። ሲፈራ ራሱን መሐል ደብቆ ይጠቀለላል፤ ፈረንጆች ስሙን ከኳስ ጋር ያገናኙት ለዚህ ነው። እኔ ግን ልቃቂት ብየዋለሁ።

አሁን ራስህን በልቃቂቱ ቦታ አስቀምጥ። እጅ የለህም፤ እግር የለህም፤ ጥፍር የለህም። የዓይን ቆብ ስለሌለህ ዓይንህን መጨፈን እንኳ አትችልም። ከውጭ የሚታይ ጆሮም የለህም። የመሬቱ ንዝረት በመንጋጋህ አጥንት በኩል ወደ ውስጥ ጆሮህ ይደርስሃል፤ ሰው ሲራመድ አገር የሚናወጥ ይመስልሃል። ዓለምን የምታሸተው በምላስህ ነው፤ ምላስህ ከአየር የለቀመውን ሽታ ላንቃህ ላይ ላለ ልዩ የማሽተቻ አካል ታቀብለዋለህ። ከንፈርህ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ደግሞ ሙቀት ያያሉ። እንግዲህ በዚህ ዓለም ውስጥ ተጠቅልለህ ሳለ አንድ ትልቅ ትኩስ ነገር በድንገት ከላይ ይወርድብሃል። ጭልፊትና ንስር የሚመጡት ከየት ነው? ከላይ! የዘመዴ እጅ ለእባቡ ጭልፊት ነበር።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንላለን። እባቡም እንደዚሁ ነው፤ አንዴ የደነገጠ እባብ ጥላ ባየ ቁጥር ይበረግጋል። ጥላቻ የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ የለም።

በጣም ያስደሰተኝ ደግሞ እባብ ከመንከሱ በፊት ስንት ጊዜ እንደሚለምን ማወቄ ነው። በመጀመሪያ ድርቅ ይላል፤ ባያዩኝ ብሎ። ቀጥሎ ይሸሻል፤ መሸሻ ካጣ ይደበቃል። ከዚያ አንገቱን እንደ መንጠቆ አጥፎ ያፏጫል፣ ሰውነቱን ይነፋል። ቀጥሎ አፉን ሳይከፍት በአፍንጫው ገጭቶ የሚመለስም አለ። ንክሻው የሚመጣው ይህ ሁሉ ተነግሮን አልሰማም ስንል ነው። ሁሉም እባብ ግን ደረጃውን ጠብቆ አይሄድም፤ ተረግጦ ወይም ተጨብጦ የደነገጠ በቀጥታ ይነክሳል።

በማስፈራራት የሚኖር አንድ ምስኪን ደግሞ አለ፤ እንቁላል ብቻ የሚበላው እባብ። በአፍሪካ በሰፊው ይገኛል፤ የአንዱ ዝርያ ሳይንሳዊ ስም እንዲያውም «አቢሲና» ተብሎ በአገራችን ተሰይሟል። እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ይውጥና ጉሮሮው ውስጥ ባሉ የአከርካሪ አጥንት ሹሎች ይሰብረዋል፤ አስኳሉን አስቀርቶ ቅርፊቱን ይተፋል። የሚረባ ጥርስ የለውም። ታዲያ ጠላት ሲመጣበት ምን ያደርጋል? ሰውነቱን እያጣጠፈ ሻካራ ቅርፊቶቹን እርስ በርስ ይፈትጋቸዋል፤ ድምፁ መርዘኛ እፉኝት ያፏጨ ይመስላል። አፉንም በሰፊው ከፍቶ ይወረወራል። ይህ ሁሉ ግርግር የሚረባ ጥርስ ከሌለው ፍጡር! ስንቱ እንዲህ ሲል «እፉኝት ነው» ተብሎ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ይሆን እያልሁ አዝናለሁ።

እውነተኛው እፉኝት ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። አብዛኛው እባብ ኮቴያችንን ሲሰማ ይሸሻል። እፉኝት አይሸሽም። አጭርና ወፍራም ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው ጥምዝምዝ ጥለት ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ዘዴው አንድ ነው፤ ዝም ብሎ መተኛት። እ.ኤ.አ. በ2015 የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ማሽተት የሠለጠኑ ውሾች እንኳ የተኛውን እፉኝት በሽታው መለየት አቅቷቸው ተገኝተዋል። ከዓይንም ከአፍንጫም ተሰውሯል ማለት ነው። አደገኛ ያደረገውም ይኸው ዓይን አፋርነቱ ነው፤ አይሸሽምና ይረገጣል፤ ሲረገጥ ይነክሳል።

ከመርሳ ወደ ግራና ወይም ወደ ስሪንቃ ስትሄዱ በየተዳፋቱ የተደረደረውን የድንጋይ ካብ አስተውላችሁታል? «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ያለው ሰው አገሩን በደንብ የሚያውቅ ነው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል፤ የራሱ ሙቀት ለሌለው እባብ ምድጃው ነው። በስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ማሽላችንን የሚሰርቅ አይጥ ያድራል። ምድጃና እራት አንድ ላይ! አይጥ እያባረረ ጎተራ ሥር የሚገባው ቡናማ የቤት እባብ መርዝ የለውም፤ እንደ ዘንዶ ጠምጥሞ ነው የሚገድለው። ይህ እባብ በውጭ አገር በገንዘብ ተገዝቶ በሣጥን ይኖራል።

ወደ ዘመዴ ልመለስ። ልምድ ያላቸው አርቢዎች የሚስማሙበትን ሰብስቤ ላክሁለት። አዲስ እባብ ከመጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ምግብ እስኪበላም ድረስ አይነካም። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት መደበቂያ ያስፈልገዋል፤ አንዱ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚሞቀው በኩል፣ ሌላው 26 አካባቢ በሆነው በቀዝቃዛው በኩል፤ አለዚያ ወይ ሙቀት ወይ መደበቂያ ምረጥ ተብሎ ይጨነቃል። መደበቂያ ያለው እባብ ደፋር ይሆናል፤ ይህን ሳነብ ደጋግሜ አሰብሁበት። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን ይተዋል፤ ከተነካ የበላውን ሊያስመልስ ይችላል። ዓይኑ ወተት የመሰለ ሰማያዊ ሲለብስም ቆዳውን ሊጥል ስለሆነና በደንብ ስለማያይ አይነካም።

አያያዙንም እንዲህ ብየ ጻፍሁለት፦ ስታነሣው እጅህ ከጎን ይምጣ፤ ቀስ ብሎ፣ ግን ሳያመነታ። ሄድ መለስ የሚል እጅ ይበልጥ ያስደነግጠዋል። አንገቱን አትነቅ፤ በጭራው አታንጠልጥል፤ መሐል አካሉን ደግፈህ በጣቶችህ መካከል እንዲሄድ ተወው። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ የምትመልሰውም ሲረጋጋ ይሁን፤ ሲያፏጭ ከመለስኸው ማፏጨት እንደሚሠራ ይማራል። አይጥ ነክተህ ከሆነ ታጠብ፤ እጅህ አይጥ ከሸተተ እራት ነህ። ልዩነቱም ይታወቃል፤ ፈርቶ የነከሰ ወዲያው ይለቃል፤ ርቦት የነከሰ ግን ይይዝና ይጠመጠማል። በኋላም በሳሙና መታጠብ ግድ ነው፤ ተሳቢዎች ሳልሞኔላ ይይዛሉ፤ ከ5 ዓመት በታች ልጅ ያለበት ቤት ባይገቡ ይመከራል።

አንዱ ምክር ግን ከሁሉ በላይ ገረመኝ። ብዙ አርቢዎች እጃቸውን ከማስገባታቸው በፊት ጫፉ በተቆለመመ ዘንግ እባቡን ለስለስ አድርገው መታ ያደርጉታል። «ምግብ አይደለም፣ ጭልፊትም አይደለም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነው። ሲደጋገም እባቡ ይለምደዋል። ልብ በሉ፣ ይለምዳል እንጂ እንደ ውሻ አይወድም። ለእኔ መልመዱም ትልቅ ነገር ነው፤ እንዲህ የሚደነግጥ ፍጡር በሰው እጅ ላይ ተረጋግቶ ምላሱን ሲያወጣ ማየት ያስደንቃል።

ይህን ሰምታችሁ ግን ከካብ ውስጥ እባብ እንዳታወጡ አደራ! እንቁላል በሉን ከእፉኝት በዓይን ለይቶ መያዝ የባለሙያም ፈተና ነው። በሕግም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ ማቆየት ክልክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ ንድፊያ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው እንደሚሞት ይገምታል፤ በብዛት የሚጎዳውም እንደ እኛ ያለ ገበሬ ነው። የተነደፈን ሰው መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ ጊዜ ከማጥፋትና ከመጉዳት በቀር ጥቅም የለውም። ቀለበትና አምባር አውልቁ፤ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፉ፤ ሰውየው አይሩጥ፤ ተሸክማችሁ ወደ ጤና ተቋም ፍጠኑ።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ ለከብቶቹ አገዳ ልታወጣ ወደ ጓሮ ስትሄድ ተከተልኋት። የተከመረው የማሽላ አገዳ አጠገብ ስትደርስ በበትሯ ታች ታቹን ቸብ ቸብ አደረገች፤ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ አንድ እቅፍ አነሣች።

«ለምንድን ነው የምትመቺው?» አልኋት።

«ያለ እንደሆነ ልንገረው ብየ ነዋ» አለች። «ቤቱ ነው፤ ሳያንኳኩ ይገባል?»