ጥርት ብሎ መታየት ያለበት የቱ ነው?

የልጅ ልጄ ባለፈው ክረምት ከእናቱ ጋር ከጀርመን ዶርዜ ሲመጣ፣ ከሻንጣው መጀመሪያ ያወጣው ቸኮሌቱን አልነበረም። መሃሉ ላይ ጥቁር ክብ የታተመበት፣ በአራቱም ጎኑ 17 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ወረቀት ነበር። "እማማ፣ ይሄን የት ልስቀለው?" አለኝ። ሥዕል መስሎኝ ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለውን ምስማር አሳየሁት። ለካ ዒላማ ነው። ልጁ 15 ዓመቱ ነው፤ ሽጉጥ ይተኩሳል።

ክው አልኩ። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ጥይት የበሳውን ሥጋ አጥቤያለሁ፣ አስሬያለሁ። ያውም በጠብ የተተኮሰ ብቻ አይደለም፤ ለሠርግ ተብሎ ወደ ሰማይ የተለቀቀ፣ ትራስ ሥር ተቀምጦ ሕፃን ያነሳው ሁሉ ደርሶኛል። ልጄን ወደ ጓዳ ጠርቼ "ይሄን ልጅ ምን እያደረጋችሁት ነው?" አልኳት።

እሷ ተረጋግታ አስረዳችኝ። ሽጉጡ የአየር ነው፤ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች የእርሳስ ፍሬ በታመቀ አየር ይወረውራል። ንብረቱም የክበቡ ነው፤ ከክበቡ አይወጣም። እዚያ አገር ልጆች ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ በወላጅ ፈቃድና በኃላፊ ቁጥጥር ሥር እንዲለማመዱ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። "እማዬ፣ ይሄ ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ የሚቆምበት ሌላ ቦታ የለም" አለችኝ። ይቺ ነገር አሸነፈችኝ። ሽጉጡማ አብሮት አልመጣም፤ በእኛም አገር ቢሆን የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እያለ መሣሪያ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት የሚቀለድበት ነገር አይደለም። ልጁ ይዞት የመጣው ወረቀቱንና ብስጭቱን ብቻ ነው።

የብስጭቱ ምክንያት ነጥቡ መውረዱ ነው። ከግንቦት ወዲህ እንደ ድሮው አልመታ ብሎታል፤ ጥፋቱን የጣለው ደግሞ ማነጣጠሪያው ላይ ነው። ጠባብ፣ ሰፊ፣ በብሎን የሚስተካከል፣ ሁሉንም ስልኩ ላይ መርጦ ጨርሷል። እናቱ ዋጋውን አይታ ዝም ብላለች።

ማነጣጠሪያ ማለት ምን እንደሆነ ለማታውቁ እኔ በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። በሽጉጡ አፈሙዝ ጫፍ ላይ አንዲት አራት ማዕዘን ብረት ቆማለች፤ የፊት ማነጣጠሪያ ትባላለች። ከእጁ በላይ፣ ወደ ዓይን በሚቀርበው በኩል ደግሞ መሃሉ የተቆረጠ ሌላ ብረት አለ። ተኳሹ የፊቷን ብረት በኋላው ክፍተት መሃል ያስገባል፤ ጫፍና ጫፋቸውን ያስተካክላል፤ በግራና በቀኝ የሚታየውን ብርሃን እኩል ያደርጋል። ከዚያ ከጥቁሩ ክብ ዝቅ አድርጎ ይይዝና ቃታውን ቀስ ብሎ ይስባል። በዚህ ውድድር የሚያጎላ መስታወት በሽጉጡ ላይ መግጠም ክልክል ነው። መነጽር የሚያስፈልገው በራሱ ዓይን ላይ ያደርጋል እንጂ ለሽጉጡ አያለብሰውም።

ዶርዜ ቀርከሃ አይቸግርም። ልጁ የክንድ ርዝመት ያላት ደረቅ ቀርከሃ ቆረጠ፤ እኔ የመድኃኒት ካርቶን በምላጭ ቆርጬ የፊቱንም የኋላውንም ሠራሁለት፤ በመካከላቸው 32 ሳንቲ ሜትር ተውን። ዒላማውን አጥሩ ላይ ሰቅለን 10 ሜትር ለካን። ገና መያዝ ሲጀምር አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ በበሩ ብቅ ብለው "ይሄ ልጅ በማን ላይ ነው የሚያነጣጥረው?" አሉ። አልፈረድኩባቸውም። የጋሞ አባቶች በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ እርጥብ ሳር ይዘው፣ በቁጣ የወጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ጥፋት ያስቀሩት ትናንት ነው። ልጁ ግን ዱላውን ወደ መሬት አድርጎ፣ በተሰባበረ አማርኛው "ባዶም ቢሆን ወደ ሰው አይዞርም፤ የክበባችን የመጀመሪያ ሕግ ነው" አላቸው። ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

እንግዲህ ማስተካከሉ ተጀመረ። የነሐሴ ጭጋግ ገና ስላልተገፈፈ በካርቶኖቹ መካከል ብርሃን የሚባል ነገር አይታይም ነበር። የኋላውን ክፍተት በምላጭ ትንሽ አሰፋሁት፤ ያን ጊዜ ግራና ቀኙ ተለየ። አብዝቼ ሳሰፋው ደግሞ የፊቷ ብረት መሃል ትሁን ጎን ማወቅ አቃተው፤ ሌላ ካርቶን ቆረጥን። የካርቶኑ ማብለጭለጭ አስቸገረን፤ ኩራዝ ለኩሼ በጥላሸት አጠቆርኩት። ልጁ ሳቀ፤ የድሮ ተኳሾችም ብረቱን እንዲሁ በጭስ ያጠቁሩ እንደነበር አሰልጣኙ ነግሮታል።

ስፋቱ ላይ ስንደርስ ወረቀትና እርሳስ አመጣሁ። የጥቁሩ ክብ ወርድ 59.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከልጁ ዓይን እስከ ፊት ማነጣጠሪያው በሜትር ስለካው 80 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በ10 ሜትር ላይ ያለውን ክብ ከዓይኑ ፊት እኩል ሆኖ ለመታየት ብረቷ ወደ 4.8 ሚሊ ሜትር መስፋት አለባት ማለት ነው። ክበቡ የሰጠው ግን 4 ሚሊ ሜትር ነው። ይሄ ስህተት አልነበረም፤ በ12 ዓመቱ ሲጀምር ያ ርቀት 68 ሳንቲ ሜትር ስለነበር 4 ሚሊ ሜትር ልኩ ነበር። ልጁ አደገ፣ ክንዱ ረዘመ፤ ብረቷ ባለችበት ቀረች። እናቱ ሱሪውን በየዓመቱ ትቀይራለች፤ ይቺን ያሰበ ሰው የለም።

"አገኘሁት!" ብሎ ዘለለ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ክንድ በግንቦት ወር በድንገት አይረዝምም።

ደግሞም ብረቷ ብትጠብም ብትሰፋም፣ ዋናው ነገር ከኋላው ክፍተት ጋር መስተካከሏ ነው። ክንዱ ሙሉ በሙሉ፣ ሽጉጡ ሳይታጠፍ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ቢሄድ ፍሬዋም ዒላማው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የምትስተው። የፊቷ ብረት ግን ከኋላው ጋር ሳትስተካከል አንድ ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ፣ በ32 ሳንቲ ሜትር መካከል የተፈጠረችው ያቺ ስህተት 10 ሜትር ላይ 31 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። የአሥር ነጥቧ ክብ ወርድ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አሥር መሆን የነበረበት ሰባት ይሆናል። ተኳሹ ጥርት አድርጎ ማየት ያለበት የቱን እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል። ዒላማውን አይደለም፤ የፊቷን ብረት ነው። ክቡ ትንሽ ቢደበዝዝ ምንም አይደል። ዓይን በአንድ ጊዜ ቅርቡንም ሩቁንም አያጠራም።

"ዱላውን ያዝና ንገረኝ፤ የቱ ነው የሚጠራልህ?" አልኩት። "ክቡ። በጣም ጥርት ብሏል" አለኝ ደስ ብሎት። መነጽሩን አየሁት። "ይሄን መቼ ነው ያደረግከው?" ስለው ለትምህርት ሰሌዳው ብለው በሚያዝያ እንዳሠሩለት ነገረኝ። ነጥቡ የወረደው በግንቦት ነው! አውልቅ አልኩት። ክቡ ደበዘዘበት፤ የፊቷ ካርቶን ግን ምላጭ የቆረጣት ጠርዟ ሳይቀር ታየችው። የልጁ ዓይን በትንሹ ሩቅ አያይም፤ ያ ድካሙ ሳያውቀው ሲረዳው ኖሮ፣ መነጽሩ ሩቁን ሲያጠራለት ዓይኑ ከብረቷ እየሸሸ ወደ ክቡ ይሮጥ ጀመር።

መነጽሩን ይጣል አላልኩም፤ ትምህርቱ ይበልጣል። ዒላማውን ገልብጠን ነጩን ፊት ሰቀልንለትና በየጠዋቱ ነጭ ወረቀት ላይ፣ ብረቷን ብቻ እያየ እንዲይዝ አደረግን። ዓይኑ የሚሮጥበት ክብ ሲያጣ ተመለሰ። ሌላም አየሁ፤ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚይዝ ቀኙም አብሮ ይጨማደዳል። በመነጽሩ ግራ በኩል ነጭ ወረቀት ለጠፍኩለት። ጥቁር ቢሆን ዓይኑ ጨለማ ውስጥ ይገባና የሌላውም ብሌን ይሰፋል፤ ነጩ ብርሃን ያሳልፋል። በውድድር ደንብ ይሄ መከለያ ወርዱ ከ30 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ብቻ ነው የሚጠየቀው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት በፓሪስ ኦሊምፒክ ያንን አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ የተኮሰ ቱርካዊ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ዩሱፍ ዲኬች ይባላል። በ51 ዓመቱ፣ ሁለት ዓይኑን ገልጦ፣ እንደ እኔና እናንተ ተራ መነጽር አድርጎ፣ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በአየር ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር ብር ወሰደ። ልጁ ቪዲዮውን ለሽማግሌው ሲያሳያቸው፣ ታላቅ ወንድሜ በሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እንደተቀመጠ "እኔም ልሞክር እስቲ" ብሎ ተነሣ።

ወንድሜ በወጣትነቱ ሽሮ ሜዳ ሠርቶ የተመለሰ ሸማኔ ነው። ጥለቱ የታወቀ ነበር። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን ጥለት ትቶ ሜዳውን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ገቢውም በዚያው ልክ ወርዷል። "ዓይኔ አርጅቷል" ይላል፤ እኛም አርጅቷል ብለን ተቀብለን ተቀምጠናል።

ዱላውን አንሥቶ ያዘ። "ይቺ ካርቶናችሁ ጭጋግ ናት። ክቡ ግን እንደ ጨረቃ ነው" አለ። የልጁ ግልባጭ! እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ስንት መንደር ዞሬ የሰው ዓይን በሠንጠረዥ የመረመርኩ ሴት፣ በየቀኑ ቡና አብሮኝ የሚጠጣውን ወንድሜን አንድ ቀን "እስቲ ልይህ" አላልኩትም።

ካርቶን ወስጄ በመርፌ ቀዳዳ በሳሁና በዚያ በኩል ክሩን እንዲያይ አደረግኩት። ይሄ በጤና ጣቢያ የምናውቀው መላ ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ ሲያዩ ከጠራ ችግሩ በአብዛኛው መነጽር የሚያቃናው ነው፤ ካልጠራ የዓይን ሞራ ወይም ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላል። ተኳሾችም ይህንኑ ቀዳዳ በመነጽራቸው ላይ ገጥመው ይጠቀሙበታል አለኝ ልጁ። ወንድሜ ቀዳዳውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ "ይቺ ክር ተበጥሳለች" አለ።

ለካ ከዓመታት በፊት ከገበያ ባለ +3 መነጽር ገዝቶ ራሱን ሲያመው ጥሎታል። +3 ለእሱ ዓይን የሚያጠራው 33 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለውን ነው፤ የሽመናው ጨርቅ ደግሞ ከዓይኑ 55 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ጎንበስ እያለ ወገቡንም ዓይኑንም ጎዳ። አርባ ምንጭ ወርደን ተመረመረ፤ ርቀቱን በሜትር ለክቼ በወረቀት ይዤ ስለነበር +1.75 ተሰጠው። ልክ እንደ ሽጉጡ፣ መነጽርም የሚመረጠው ለሚታየው ነገር ርቀት ነው። በሕንድ አሳም፣ 40 ዓመት ያለፋቸው የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች የቅርብ መነጽር ሲሰጣቸው የሚለቅሙት ከአምስት እጅ አንድ ያህል እንደጨመረ በ2010 ዓ.ም. የወጣ ጥናት አለ። ያን ጥናት አንብቤው ነበር፤ ያኔ ወንድሜ አጠገቤ ነበር።

አያቶች፣ ገበያ ወጥታችሁ መነጽር ስትሞክሩ ጋዜጣ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የምትሠሩበትን ርቀት ለክታችሁ ሂዱ። ከዚያ በፊት ግን ዓይናችሁን የሚያይ ባለሙያ ይያችሁ፤ በተለይ ስኳር ያለባችሁ፣ ወይም ጎን ለጎን ማየት የቀነሰባችሁ።

ልጁ በጥቅምት ደወለ። ክበቡ 4.8 ሚሊ ሜትር ብረት በነፃ ቀየረለት፤ ነጥቡ በአንድ ጊዜ አልተመለሰም፣ ግን እየወጣ ነው። አዲስ ማነጣጠሪያ አልተገዛም። ወንድሜ ለእሱ የሚሆን ጋቢ ጀምሯል፤ ጥለቱ ላይ ጥቁር ክብ ላስገባ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ልጁን ጠይቀው አልኩት። የቀርከሃው ዱላ አሁንም ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰክቷል፤ ካርቶኑን አይጥ በልቶታል።