ስለ መንፈቅ አጋማሽ ፈተናና ተማሪን ስለ መርዳት

በአዊ አገር የኅዳር ወር ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ የሚደርስበት ወር ነው። በሜዳው ገብሱና ጤፉ ለአጨዳ ይደርሳል፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የመጀመሪያው መንፈቅ አጋማሽ ፈተና ይቀርባል። በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ካሉት የባንጃ ወረዳ ቀበሌዎች ወደ እንጅባራ እየሄዱ የሚማሩ ልጆች በነዚህ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ተይዘው ይገኛሉ። ከሩቅ የሚመጡት በከተማ ቤት ተከራይተው፥ ሦስትም አራትም ሆነው በአንድ ክፍል ያድራሉ፤ በሳምንቱ መጨረሻም ስንቅ ለመያዝ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ይመለሳሉ። ልጁ በመጣ ጊዜ አባቱ ማጭድ ቢያስጨብጠው የሚነቀፍ አይደለም፤ የደረሰ እህል ያለ ጊዜው በመጣ ዝናብ ቢመታ የዓመት ጉርስ ይጠፋልና። ነገር ግን ልጁ እሑድ ማታ ወገቡ ደክሞ ወደ ከተማ ሲመለስ፥ ሰኞ ጧት የሚቀርብለት የፈተና ወረቀት ድካሙን አይቶ አይራራለትም።

ይህ ፈተና በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ትንሽ ነገር ይቈጠራል። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ክፍል ያሻግራል ወይም ያስቀራል፤ የ12ኛ ክፍሉም ፈተና ዩኒቨርሲቲ ያስገባል ወይም በር ይዘጋል፤ የመንፈቁ አጋማሽ ፈተና ግን ከነጥቡ ጥቂቱን ብቻ የሚይዝ ስለ ሆነ ወላጅ አይጠይቅበትም፥ ሹምም አይጎበኝበትም። ጥቅሙ ግን በነጥቡ ብዛት የሚለካ አይደለም። የተማሪው ጉድለት የሚገለጥበትና ጉድለቱንም ለመጠገን ገና ሁለት ወር የሚተርፍበት ፈተና ይህ ነው። ሐኪም በሽታን በጊዜው ቢያውቅ መድኀኒት ያዝዛል፤ በመጨረሻው ሰዓት ቢጠሩት ግን የሞቱን ምክንያት ከመናገር በቀር የሚያደርገው የለም።

የአገሪቱ የፈተና ታሪክ ይህን ነገር በቍጥር ያስረዳል። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ2008 ዓ.ም. ጥያቄው አስቀድሞ በመሰራጨቱ መቋረጡ የሚታወስ ነው። ከዚያም በኋላ የመኰራረጅ ነገር እየበዛ ስለ ሄደ፥ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በዚያ ተቀምጠው ተፈተኑ። ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲነገር፥ ከ890 ሺህ ከሚበልጡት ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነ። ቍጥሩ ወደ ላይ መውጣቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶው ተፈታኝ ከ91 የሚበልጠው ከግማሽ በታች አግኝቶ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ ማስተዋል ይገባል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ሳምንት ውስጥ አልወደቀም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በየመንፈቁ አጋማሽ ጥቂት ጥቂት ሲወድቅ ቈይቶ፥ አውቆ የሚያነሣው ሰው ስላጣ ነው በመጨረሻው ቀን የወደቀ የመሰለው።

በዐማራ ክልል ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨምሯል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በደረሰው የጸጥታ መታወክ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረዥም ጊዜ ሳያስተምሩ ቈዩ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍል የተመለሰው ልጅ ስሙ በ10ኛ ክፍል መዝገብ ይጻፍ እንጂ፥ በመካከሉ ያልተማረው ምዕራፍ እንደ ጎደለ ነው። ይህ ልጅ ተግሣጽ ሳይሆን እርዳታ ያስፈልገዋል።

ለመሆኑ እርዳታው ምንድን ነው? አብዛኛው ተማሪ ፈተና ሲቃረብ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ደብተሩን ገልጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነባል፤ ሲጨርስ እንደ ገና ይደግመዋል፤ ጊዜው ያጠረበት እንደ ሆነም ሌሊቱን ሙሉ ዐይኑን እያሸ ያነባል። ዳግመኛ ሲያነበው ቃሉ ሁሉ የታወቀ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ዐወቅሁት ብሎ ይተኛል። የታወቀ መምሰልና ማወቅ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፥ ሰው የተማረውን ነገር አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሚረሳ፥ ጥናቱንም በልዩ ልዩ ቀን ከፋፍሎ ቢደግመው በአንድ ቀን ከሚያጥረው ይልቅ እንደሚጸናለት ራሱን እየፈተነ አሳይቷል።

ከዚያም በኋላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስነበቡ። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ዳግመኛ አነበቡት፤ ከሌላው ግን ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተጠየቁ ጊዜ፥ ደግመው ካነበቡት 81 ከመቶ፥ በቃላቸው ከጻፉት 75 ከመቶ አስታወሱ፤ በዚህስ ደግሞ ያነበበው የበለጠ መሰለ። ከአንድ ሳምንት በኋላ በተጠየቁ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42 ከመቶ ብቻ ሲያስታውሱ፥ በቃላቸው ከጻፉት 56 ከመቶ ይዘው ተገኙ። እንግዲህ ራስን መጠየቅ ዕውቀትን ለመመዘን ብቻ ሳይሆን ዕውቀትን ለማጽናትም የሚያገለግል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ይህን የሚያነቡ ካህናት ሳይገረሙ አይቀሩም፤ የአሜሪካ ሊቃውንት በመዝገብ ያገኙትን ነገር የጎጃም ጉባኤ ቤቶች በሥራ ይዘውት ኖረዋልና። በንባብ ቤት ሕፃኑ ቀን የተማረውን ማታ መብራት በሌለበት በቃሉ ይለዋል፤ መጽሐፍ ማየት ስለማይቻል ከልቡ ማውጣት ግድ ይሆንበታል፤ በስሕተቱም ጊዜ ከእርሱ የበለጠው ተማሪ ያቀናዋል። በቅኔ ቤትም፥ በዋሸራም ቢሆን በዲማ፥ ተማሪው ቀን ብቻውን ገለል ብሎ የቈጠረውን ቅኔ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ይህ ቤት አልሞላም፥ ይህ ምሥጢር አልገጠመም እያለ ያርመዋል። የቅኔ ተማሪ መምህሩ የነገሩትን ቅኔ ደግሞ ሲያነብብ አይውልም፤ በየቀኑ ይፈተናል፥ በየቀኑም ይታረማል። አንድ ቀን ቢሳሳት ማንም አያስወጣውም፤ ነገ ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣልና። የመንፈቅ አጋማሽ ፈተናም በትክክል ቢያዝ ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም።

ሆኖም በቃል መያዝ ብቻውን አይበቃም። የዘንገናን ልጅ የሚመለከት አንድ ምሳሌ ማምጣት ይቻላል። በመልክዐ ምድር ትምህርት ክሬተር ስለሚባለው ሐይቅ የሚናገር ክፍል አለ። ልጁ ትርጓሜውን በእንግሊዝኛ እንደ ጸሎት አድርሶ ይላል፤ ከብቶቹን የሚያጠጣበት ዘንገና ግን ያው ክሬተር መሆኑን የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል። ይህ ልጅ በሐይቁ ዳር ቆሞ ቢጠየቅ ምን ያህል በተጠቀመ ነበር! ዘንገና የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ምድርን ቈፍሮ በተወው ጕድጓድ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ክብ ነው፥ ስፋቱ ጥቂት፥ ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር የሚበልጥ ነው። ጣና ደግሞ የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ ውሃውን ከገደበው በኋላ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፥ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለ ምን ትንሹ ጥልቅ፥ ትልቁ ጠሊቅ ያልሆነ ሆነ? ይህን በራሱ ቃል የመለሰ ልጅ በፈተናው ላይ ጥያቄው በምንም መልክ ቢመጣበት አይደናገጥም።

የቋንቋም ነገር አለ። በዚህ አገር ልጁ በቤቱ በአዊኛ አፉን ይፈታል፤ በመጀመሪያ ደረጃም በአዊኛ ይማራል፤ በገበያና በመሥሪያ ቤት ዐማርኛ ይሰማል፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን ሥነ ሕይወቱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስለዚህ ጥያቄውን ስላላወቀው ሳይሆን ስላልገባው የሚሳሳተው ልጅ ጥቂት አይደለም። ነገሩን አስቀድሞ በአዊኛ ወይም በዐማርኛ ተናግሮ፥ ቀጥሎ ያንኑ በእንግሊዝኛ ቢጽፈው ሁለት ጊዜ ተፈተነ ማለት ነው። አንዳንድ መምህራን ተማሪ በአገሩ ቋንቋ ሲያጠና ሲያዩ ይከለክላሉ፤ ይህ ክልከላ ግን በሚገባ የታሰበበት አይመስልም። የፈተናው ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ፥ ማስተዋል በሚገባበት ቋንቋ መግባት አለበት።

ከዚህ የተነሣ ያልተማረ ወላጅ ልጁን ሊረዳ አይችልም የሚለው አሳብ ዋጋ የሌለው ነው። ፊደል ያልቈጠረች እናት የልጇን ደብተር ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ደብተሩን ዝጋና የዛሬውን ንገረኝ ለማለት ትችላለች። ልጁም እሳት ዳር ተቀምጦ ደም ከልብ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በአዊኛ ሲነግራት፥ የትኛው ላይ እንደ ተደናገረ፥ የትኛውን እንደ ዘለለ ትምህርቱን ሳታውቅ ከአነጋገሩ ታውቅበታለች። ያ የተደናገረበት ቦታ ነው ነገ መምህሩን የሚጠይቅበት። በከተማ ተከራይተው የሚያድሩትም ልጆች አንዱ ለአንዱ አስነጋሪ ቢሆኑ፥ ማለት አንዱ ደብተሩን ይዞ ሌላው በቃሉ ቢመልስ፥ የአንዲቱ ክፍል ጥበት ራሱ ይጠቅማቸዋል።

የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ድርሻ ደግሞ ሌላ ነው። ፈተናው ከሚጀመርበት ቀን አስቀድሞ በነበሩት ሁለት ሳምንታት፥ ተማሪ ያለበት ቤት አጨዳውን በደቦ እንዲያስቀድም ጎረቤቱን ማስማማት ይችላሉ። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዛፍ ተክሎ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሰል አክስሎ መሸጥ የብዙ ቤት መተዳደሪያ ሆኗል፤ የከሰሉ ክምር ግን ሌሊትም ቀንም ጠባቂ የሚሻ ስለ ሆነ፥ በነዚያ ሳምንታት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጅ በጥበቃው ባያድር መልካም ነው። መብራት ያለበት የቀበሌ አዳራሽ ማታ ማታ እስከ ሦስት ሰዓት ቢከፈት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ቍልፉን የሚይዝ አንድ ታማኝ ሰው ብቻ ይበቃዋል። በቤተ ክርስቲያንም አጠገብ ያለው የሰንበት ትምህርት አዳራሽ በሥራ ቀን ባዶውን ያድራል። በዚያ የደብሩ መምህር ቢገኙ፥ የፊዚክስን ትምህርት ባያውቁም፥ ልጅን በቃሉ አስነግሮ ማረምን ከማንም ይልቅ ያውቁበታል።

ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማጥናት፥ ለመንቃትም ብሎ ጫት መቃም፥ በተማሪዎች ዘንድ እንደ ጀግንነት ሲቈጠር ይታያል። እንቅልፍ ግን የተማሩት ነገር በልብ እንዲጸና ያደርጋል፤ ሳይተኛ የገባ ልጅ የሚያውቀውን እንኳ በፈተናው ሰዓት ያጣዋል። ስለ መኰራረጁም ብዙ መናገር አያሻም፤ ከጎረቤቱ የገለበጠ ልጅ ለመጠገን የታሰበውን ጉድለት በገዛ እጁ ይሸፍነዋል፤ መምህሩም ዐውቋል ብሎ ያልፈዋል።

ወረቀቱ ከታረመ በኋላ የሚሆነው ነገር ከፈተናው ቀን ይበልጣል። በብዙ ክፍል መምህሩ ነጥቡን ያነባል፥ ተማሪውም ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ያስገባል፤ በዚያው ያበቃል። መምህሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ከፍሎ ብዙ ተማሪ የሳተውን ጥያቄ በሰሌዳው ላይ ቢሠራ፥ ወላጅም ስንት አገኘህ ከማለት ይልቅ የትኛውን ሳትህ፥ ስለ ምንስ ሳትኸው ብሎ ቢጠይቅ፥ ልጁ በጥር ከሚጠብቀው ፈተና በፊት የሚሠራው ሥራ ተለይቶ ይታወቅለታል። የሁለተኛው መንፈቅ አጋማሽ ፈተና ደግሞ ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ወራት ይውላል፤ ያን ጊዜ ካህናቱ በአገልግሎት ይጠመዳሉ፥ ተማሪውም ጾሞ ይውላል። ስለዚህ የአዳራሹን መክፈቻ ሰዓትና የሚያስነግሩትን ሰዎች ከጾሙ መግቢያ አስቀድሞ፥ በየካቲት ወር፥ የደብሩ አስተዳዳሪና የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ተገናኝተው ቢወስኑት ለልጆቹ ይመቻል።