ከወገብ በታች ያለ ኪስ፦ ጉምሩክ ልብስን እንዴት ይመድባል?

ከሞጆ ወደ ባቱና ሐዋሳ የሚወስደው መንገድ ቆቃ ላይ ያልፋል። ከጅቡቲ ተነስቶ ለሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚጓዝ ጨርቅ የሚሄደው በዚህ በኩል ነው። ፓርኩ ውስጥ ተሰፍቶ ወደ ውጭ የሚላከው ልብስም በዚሁ መስመር ይመለሳል። ከሞያሌ አቅጣጫ ደግሞ በቦንዳ የታሰረ ሰልባጅ ተደብቆ ወደ መሀል አገር ለመግባት ይሞክራል። ለተራ ተመልካች ሦስቱም ልብስ ወይም የልብስ መነሻ ናቸው። ለጉምሩክ ሠራተኛ ግን አንደኛው ለኤክስፖርት ምርት በተሰጠው ማበረታቻ ያለ ቀረጥ የሚገባ፣ ሁለተኛው አገር ለቆ የሚወጣ፣ ሦስተኛው ሲያዝ የሚወረስ ዕቃ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በሰነድ ላይ የሚታወቀው ደግሞ በሚሰጠው የታሪፍ ቁጥር ነው።

የቁጥሩ ምንጭ መቀመጫውን ብራስልስ ያደረገው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ያዘጋጀው ሃርሞናይዝድ ሲስተም የተባለ የዕቃዎች ምደባ ሥርዓት ከጥር 1 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ዛሬ ከ200 በላይ አገሮችና የኢኮኖሚ ማኅበራት ይጠቀሙበታል። በዚህ ሥርዓት የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በሁሉም አገር አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉትን አሃዞችና የቀረጡን ልክ እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይወስናል፤ የኢትዮጵያ የታሪፍ መጽሐፍ ስምንት አሃዝ ይጠቀማል። ከምዕራፍ 50 እስከ 63 ያለው ክፍል የክር፣ የጨርቅና የልብስ ነው።

ልብስ ሲመደብ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ሰፋው ወይም ምን ያህል ያምራል የሚል አይደለም፤ ጨርቁ እንዴት ተሠራ የሚል ነው። ድርና ማግ ተሻግረው የተሸመኑበት ጨርቅ አለ። አንድ ክር በቀለበት በቀለበት እየተቆላለፈ እንደ ሹራብ የተሠራም አለ፤ ይኸኛው ሲጎትቱት ይለጠጣል። በሹራብና በኪሮሽ አሠራር የተሠራ ልብስ ምዕራፍ 61 ውስጥ ይገባል፤ ከተሸመነ ጨርቅ የተሰፋው ምዕራፍ 62 ውስጥ። ስለዚህ ሁለት የወንድ ሸሚዞች በአንድ ሱቅ ጎን ለጎን ቢሰቀሉም አንዱ 6105፣ ሌላው 6205 ሊሆን ይችላል። ካናቴራ 6109፣ ሹራብ 6110 ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ልብሱ የማን ነው የሚለው ነው። ፊት ለፊት የሚቆለፍ ልብስ የግራው ጎን በቀኙ ላይ ከተደረበ የወንድ፣ የቀኙ በግራው ላይ ከተደረበ የሴት ይባላል፤ ልብሱ የተቀደደበት ቅርጽ በግልጽ ሌላ ካላሳየ በስተቀር። የወንድም የሴትም መሆኑ ካልታወቀ ከሴቶቹ ጋር ይመደባል። የሕፃን ልብስ የሚባለው ቁመታቸው ከ86 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ ልጆች የተሰፋው ነው። ደንቡ ዕድሜን አይጠይቅም፤ ዕድሜ ልብሱ ላይ ሊለካ አይችልምና።

ኪስ እንኳ ቁጥር ይለውጣል። በሹራብ አሠራር የተሠራ ሸሚዝ ከወገብ በታች ኪስ ካለው፣ ወይም ታችኛው ጫፉ በላስቲክና በመሰል ነገር የሚጠብቅ ከሆነ፣ 6105 ውስጥ አይቆይም፤ ወደ ሌላ ቁጥር ይሄዳል። ቢያንስ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ተቆጥሮ በአንድ ሴንቲ ሜትር በአማካይ ከ10 ያነሰ የክር ቀለበት የተገኘበትም እንዲሁ። ፈታሹ ማጉያ መነጽርና ማስመሪያ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ከዚያ ክሩ ምንድን ነው ወደሚለው ይታለፋል። የተቀላቀለ ጨርቅ የሚመደበው በክብደት በሚያመዝነው ክር ነው። 60 በመቶ ጥጥና 40 በመቶ ፖሊስተር ከሆነ ጥጥ ነው። እኩል ለእኩል ሲሆን ግን በቁጥር ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ የሚመጣው ይወስዳል፤ በጥጥና በፖሊስተር መካከል አሸናፊው ፖሊስተር ነው። 40 በመቶ ጥጥ፣ 35 በመቶ ፖሊስተርና 25 በመቶ ናይለን ያለበት ሸሚዝም ጥጥ አይባልም። ፖሊስተርና ናይለን ሰው ሠራሽ ክር ሆነው በአንድነት ስለሚደመሩ 60 በመቶ ይሆናሉ።

አንገት ላይ የተሰፋው ምልክት እውነት መናገሩ በኬሚስትሪ ይረጋገጣል። ጥጥ ሲቃጠል የወረቀት ሽታ ሰጥቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ድብልብል ጉብታ ይሠራል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ የተመዘነ ናሙና 75 በመቶ በሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራል። አሲዱ ጥጡን ያሟሟዋል፣ ፖሊስተሩ ይቀራል፤ የቀረው ታጥቦና ደርቆ ሲመዘን የሁለቱ መጠን ይታወቃል።

ልብስ መሆኑ ራሱ የሚያከራክርበት ጊዜም አለ። አሜሪካ ውስጥ ስናጊ የተባለ እጅጌ ያለው ብርድ ልብስ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ጉምሩክ ልብስ ነው ብሎ 14.9 በመቶ ጠየቀ፤ አስመጪው ብርድ ልብስ ነው፣ 8.5 በመቶ ነው የሚከፈልበት አለ። የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ለአስመጪው ፈረደ። ጋቢስ ልብስ ነው ወይስ ብርድ ልብስ? ቀን ይለበሳል፣ ማታ ይደረባል። እንዲህ ያለውን ክርክር የሚፈታው የታሪፍ ደንቡ እንጂ የባለቤቱ ልማድ አይደለም።

በኢትዮጵያ ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ ሲሆን ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በአብዛኛው እዚያ ላይ ተቀምጧል። በላዩ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ ይመጣሉ፤ የሚሰሉትም ቀረጡ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ስህተት እስከ መጨረሻው ይንከባለላል። እዚህ አገር ዋናው ወሰን እንግዲህ በጥጥና በፖሊስተር ሸሚዝ መካከል ከሚሆን ይልቅ በጨርቅና በልብስ፣ በአዲስና ባገለገለ መካከል ነው። ቁልፍ ያልተተከለለት ሸሚዝ የሸሚዝነት ባሕርይ እስካለው ድረስ ሸሚዝ ነው፤ ጨርቅ ብሎ ማሳለፍ አይቻልም።

ያገለገለ ልብስ 6309 የሚባለው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፦ መለበሱ በግልጽ ሲታይና በቦንዳ፣ በከረጢት ወይም ሳይለይ በጅምላ ሲቀርብ። አዲስ ሸሚዝ በማዳበሪያ ከረጢት ስለታጨቀ ሰልባጅ አይሆንም። የተለበሰውም ታጥቦና ተተኩሶ በየነጠላው በካርቶን ቢመጣ ከ6309 ሊወጣ ይችላል፤ አዲስ ልብስ ግን አይሆንም። ቁርጥራጭና ለልብስነት የማይበቃ አሮጌ ጨርቅ ደግሞ 6310 ላይ የራሱ ቦታ አለው።

ወደ ውጭ ለሚልኩት የአዳማና የሐዋሳ ፓርኮች ግን የክሩ ዓይነት ብዙ ገንዘብ ነው። ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል እስከወጣችበት ጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ መስፈርቱን ያሟላ ልብስ አሜሪካ የሚገባው ያለ ቀረጥ ነበር። ያ ዕድል ሲቋረጥ በመደበኛው ታሪፍ የጥጥ ካናቴራ 16.5 በመቶ፣ የሰው ሠራሽ ክር ካናቴራ 32 በመቶ ይጠየቅበታል። ቅርጹና ስፌቱ አንድ ሆኖ ሳለ ክሩ ብቻ ቀረጡን እጥፍ ሊያደርገው ጥቂት ይቀረዋል።

ልብስ ለማስመጣት ያሰበ ነጋዴ እንግዲህ ለትራንዚተሩ «ልብስ ነው» ብሎ ብቻ ሰነድ አይስጥ። የተሸመነ ነው ወይስ በሹራብ አሠራር የተሠራ? የክሩ ድርሻ በክብደት ስንት ነው? የወንድ፣ የሴት ወይስ የሕፃን? አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ? መልሱን ዕቃው ከመጫኑ በፊት ከአምራቹ በጽሑፍ ይቀበል። ዲክላራሲዮኑ ላይ የሰፈረ ቁጥር ስህተት ሆኖ ከተገኘ ልዩነቱንና ቅጣቱን የሚከፍለው አስመጪው ራሱ ነው።