በእጅ የሚሠራ አውሮፕላን ደቦ ይፈልጋል

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ፣ ከሰበታ አልፎ በሚገኘው በተጂ አካባቢ የሚኖረው ገበሬ፣ ሥራ ሲበዛበት ደቦ መጥራቱ የቆየ ልማዱ ነው። አንድ ሰው በግቢው ውስጥ አውሮፕላን ልሥራ ብሎ ቢነሣም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ይኸው ደቦ ነው።

በቤት ውስጥ አውሮፕላን መሥራት በሌላው ዓለም የተለመደ ነው። በአሜሪካ በ1945 ዓ.ም. የዚህ ሥራ ወዳጆች ማኅበር ተቋቁሟል። ክንፉ፣ ጅራቱና ላሜራው ተቆርጦ በሣጥን ይገዛል፤ መገጣጠሙ ግን የባለቤቱ ፋንታ ነው። የአገሩ ሕግም ከሥራው ከግማሽ የሚበልጠውን ለትምህርት ወይም ለራሳቸው ደስታ የሚሠሩ ሰዎች እንዲያከናውኑት ያዛል።

ይሁን እንጂ ሥራው ለብቻ የሚወጡት አይደለም። ላሜራ ከላሜራ የሚያያይዘው ምስማር ሲመታ፣ አንዱ ከውጭ ይቀጠቅጣል፤ ሌላው ከውስጥ ብረት ደግፎ ይይዛል። ክንፍ ሲነሣም ብዙ ትከሻ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚበልጠው እገዛ ግን የዓይን እገዛ ነው። ክንፉ ከመሸፈኑ በፊት ሥራውን የሚያውቅ ባልንጀራ ተጠርቶ እያንዳንዱን ብሎን ይመረምራል፤ የሠራው ሰው የለመደውን ስሕተት አያየውምና። ሞተር ሰማይ ላይ ቢጠፋ እንደ መኪና ዳር አስይዞ መክፈት የለም።

በአገራችን ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ጋር የሠሯት «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. በርራለች። በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች።

ከ80 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ የጤና ባለሙያው አቶ አስመላሽ ዘፈሩ፣ ቁመታቸው በ1 ሴንቲሜትር በማነሱ ወደ አብራሪነት ትምህርት መግባት ሳይችሉ ቀርተው፣ በቮልስዋገን ሞተር የሚሠራ አውሮፕላን በራሳቸው ሠርተዋል። ዕውቀቱን የቀሰሙት ከመመሪያ መጻሕፍትና ከኢንተርኔት ነው። «ኬ-570ኤ» ያሉት በእናታቸው በወይዘሮ ኪሮስ ስም የመጀመሪያ ፊደልና ሥራው በወሰደው 570 ቀን ነው። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ያደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም፤ እርሳቸው ግን ሥራውን አልተዉም።

ለማኅበር መሪዎች ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በየቀበሌው የመውቂያ መሣሪያ ወይም የውኃ መሳቢያ ልሥራ የሚል ወጣት አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው ማሞገስ ብቻውን አይበቃም፤ ማፌዝ ደግሞ ጨርሶ ተገቢ አይደለም። የሚጠቅመው አጋዥ መስጠት፣ የሠራውን የሚመረምር ባለሙያ ከወረዳ መጥራት፣ የመጀመሪያውን ሙከራ ሕፃናትና ከብት በሌሉበት ሜዳ ማስደረግ ነው። የሚበር ነገር ከሆነ ደግሞ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይገኝ ከመሬት መነሣት የለበትም።

ደቦ እህሉን ከዝናብ እንደሚያድን ሁሉ፣ የሠሪውንም ሕይወት ሊያድን ይችላል።