የስንዴ ዋግና የግሪንላንድ ሻርክ፦ የሁለት ሳምንትና የ150 ዓመት ትውልድ

«ይህ ዝርያ አምና ዋግን ተቋቁሞ ነበር፤ ዘንድሮ ምን ነካው?» የሚለው ጥያቄ ስንዴ አምራች በሆኑ አካባቢዎች በተደጋጋሚ ይነሳል። መልሱን ለመረዳት ከማሳው እጅግ የራቀ አንድ የባሕር ፍጥረት ያግዛል።

የግሪንላንድ ሻርክ በሰሜን አትላንቲክና በአርክቲክ ቀዝቃዛና ጥልቅ ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የ28 ሴት ሻርኮችን የዓይን ሌንስ በመመርመር፣ ትልቋ ቢያንስ 272 ዓመት እንደኖረች ገምቷል። ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰውም በ150 ዓመቷ ገደማ ነው። ስለዚህ አካባቢው ቢለወጥ ዝርያው በቶሎ ሊላመድ አይችልም።

የግንድ ዋግ ፈንገስ ግን ተቃራኒው ነው። ሙቀትና ጤዛ ከተመቸው፣ በስንዴው ላይ ያረፈ አንድ ስፖር በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ስፖሮችን ያፈራል፤ ነፋስም ወደ ሌላ ማሳ፣ አልፎም ወደ ሌላ አገር ያደርሳቸዋል። በአንድ የመኸር ወቅት ብዙ ትውልድ ይፈራረቃል። ከዚያ ሁሉ ብናኝ መካከል ጥቂቱ በዘረመል ለውጥ የስንዴውን የመከላከል ባሕርይ ካለፈ፣ ያ በቂ ነው። ሰፊ አካባቢ በአንድ ዝርያ ብቻ ከተሸፈነ ደግሞ የሚያግደው የለም።

በኢትዮጵያ የታየውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ቁብሳ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ ከጎዳ በኋላ፣ ብዙ አርሶ አደሮች ወደ ዲጋሉ ፊታቸውን አዞሩ። ዲጋሉ በወቅቱ ይታወቁ የነበሩትን የዋግ ዓይነቶች ይቋቋም ነበር። ነገር ግን በ2013 መጨረሻ ሌላ የግንድ ዋግ ዓይነት ተስፋፍቶ በባሌና በአርሲ የዲጋሉን ማሳ አወደመ።

በመሆኑም ማሳን በየሳምንቱ መቃኘት ያስፈልጋል። የግንድ ዋግ በአገዳው ላይ እንደ ዝገት የቀላ ቁስል ሆኖ ይታያል፤ በጣት ሲነካም ዱቄት ይተዋል። ፀረ-ፈንገስ ኬሚካል የሚጠቅመው ምልክቱ እንደታየ፣ በባለሙያ ምክር ሲረጭ ነው፤ አገዳው ከደረቀ በኋላ ወጪ ብቻ ነው። ከአዝመራ በኋላ የበቀለው ወፍ ዘራሽ ስንዴም መነቀል አለበት፤ ፈንገሱ ሕይወት ባለው ተክል ላይ ብቻ ስለሚኖር፣ ወፍ ዘራሹ እስከሚቀጥለው ዘር ድረስ መሸጋገሪያ ይሆነዋል።