ከበሮ ሲያርፍ፦ ዓለሙ አጋ እና የበገና የብቻ ጉዞ

ዓለሙ አጋ ከኢትዮጵያ በገና ደርዳሪዎች ሁሉ ስሙ ከአገር ውጭ ጎልቶ የሚታወቅ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን በገና ከትምህርት ቤትና ከሬዲዮ በተገፋበት ዘመን መሣሪያውን ሳይጥል መቆየቱ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንጦጦ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አጃቢም ተቀባይም ሳይኖረው አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅና አሥር አውታር ብቻ ይዞ አገር አቋርጧል። በገና ራሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በመንፈሳዊው ሙዚቃ ውስጥ ለብቸኛ ሰው ከተሠሩ መሣሪያዎች መካከል በገናን የሚያህል አይገኝም።

ይህ ብቸኝነት ጎልቶ የሚታየው ከማኅበሩ ዜማ ጎን ሲቆም ነው፤ ለዚህም ላሊበላን የመሰለ ቦታ የለም። የገና ዕለት ካህናቱና ደባትሩ በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለት ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ያቀርባሉ። ከላይ ያሉትና ከታች በግቢው የቆሙት እየተቀባበሉ ይዘምራሉ፣ መቋሚያው በአንድነት ይወዛወዛል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ ከበሮውም ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ ይሄዳል። ከላስታ ተራሮች፣ ከዋግና ከራያ ሳይቀር በእግሩ ተጉዞ የመጣው ምእመን በእልልታና በጭብጨባ ይቀላቀላል። ይህ የብዙዎች ዜማ ነው፤ አንድ ሰው ቢደክመው ሌላው ይቀበለዋል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ። በዘወረደ ተጀምሮ ሃምሳ አምስት ቀን በሚዘልቀው ጾም የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ በጾመ ድጓ ይመራል፤ ቁመቱም በድምፅና በመቋሚያ ብቻ ይሆናል። የበገና ወራት ያኔ ነው። በገና የቅዳሴም የማኅሌትም መሣሪያ አይደለም፤ ቦታው ቤት፣ ገዳምና የጸሎት ጥግ ነው። ሰው በጾሙ ማታ ብቻውን ወይም ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ሞትን የሚያስብበት፣ ምሕረት የሚለምንበት፣ እመቤታችንን የሚማጸንበት ነው። ሠርግ ላይ አይወጣም፣ ለጭፈራም አይደረደርም።

ትውፊቱ በገናን ከንጉሥ ዳዊት ያገናኘዋል፤ ወደ ኢትዮጵያም ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም እንደመጣ ይተርካል። በብራና መጻሕፍት ላይ ዳዊት በገናውን ይዞ ተቀምጦ የሚታይባቸው ሥዕሎች ይህን ትውፊት በየዘመኑ ሲያጸኑት ኖረዋል። በገና የመኳንንትና የሊቃውንት መሣሪያም ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስና ዳግማዊ ምኒልክ ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል። በዚህ ከክራር ይለያል። ሁለቱ በአሠራር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፦ ሁለት ቋሚ፣ አንድ ቀንበር፣ ከቀንበሩ ወደ ድምፅ ሣጥኑ የሚወርድ አውታር። ሆኖም ሕዝቡ በገናን ለእግዚአብሔር፣ ክራርን ለዓለም ሰጥቶ ኖሯል፤ አጥባቂዎች ክራርን የሰይጣን መሣሪያ እስከ ማለት ደርሰዋል። ማሲንቆም በላሊበላ ጠጅ ቤቶች እንደሚሰማው የአዝማሪ ነው።

በገና ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ደርዳሪው ተቀምጦ ከፊቱ ያቆመዋል። የድምፅ ሣጥኑ ከእንጨት ተጠርቦ በከብት ቆዳ ይለበጣል። አውታሮቹ ከበግ አንጀት የሚገመዱ ሲሆን ቁጥራቸው አሥር ነው። አባቶች አሥሩን አውታር በአሥርቱ ትእዛዛት፣ ሁለቱን ቋሚዎች በሚካኤልና በገብርኤል፣ የድምፅ ሣጥኑን በእመቤታችን፣ ላይኛውን ቀንበር በልዑል እግዚአብሔር ይመስሉታል። በብዙ ደርዳሪዎች ዘንድ ዜማውን የሚሸከሙት አምስት ወይም ስድስት አውታሮች ብቻ ናቸው፤ ቀሪዎቹ ጣት ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። ቅኝቱ በአብዛኛው ትዝታ ወይም አንቺሆዬ ነው። መቃኘቱ ጊዜ ይወስዳል፤ የአንጀት አውታር በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለዋወጥ ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት ለረጅም ጊዜ ጆሮውን ጥሎ ያስተካክለዋል።

የበገና ድምፅ ምሥጢር እንዝራ የሚባለው ነው። አውታሮቹ በቆዳው ላይ በተቀመጠው በርኩማ ላይ ያልፋሉ፤ በየአውታሩና በበርኩማው መካከል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። ደርዳሪው ይህችን ቁራጭ በጥቂቱ ወደፊት ወይም ወደኋላ ሲገፋት አውታሩ የበርኩማውን ጠፍጣፋ ገጽ እየነካ ይርገበገባል። ከዚያ የሚወጣው እንደ ንብ መንጋ የሚያስገመግም ድምፅ ነው። የሚሰማው አንድ ኖታ ብቻ አይደለም፤ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይነሣሉ። አውታሮቹ ረጃጅምና ላላ ያሉ በመሆናቸው መሠረታዊ ድምፃቸው እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ያለ እንዝራ ደብዝዞ ይቀር ነበር። እንዝራው ዝቅ ያለውን ድምፅ ይሞላዋል፣ ያረዝመዋል፣ ክፍሉን ሁሉ ያስይዘዋል። የህንድ ሲታርና ታንፑራ ድምፅም በዚሁ መርህ በሰፊ በርኩማቸው ይገኛል።

ኤሌክትሪክ ጊታር ያው ጠባይ ያለው ድምፅ ያገኘው በሌላ መንገድ ነው። የጊታሩ ምልክት ማጉያው ከሚችለው በላይ ሲገፋ ጫፉ ይቆረጣል፤ ከዚያም ተጨማሪ ድምፆች ተወልደው ሻካራና ወፍራም ድምፅ ይፈጠራል። ሙዚቀኞች ዲስቶርሽን ይሉታል፤ የሄቪ ሜታል መሠረትም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ስትራይፐር የተባለ የሄቪ ሜታል ቡድን ይህን ድምፅ ለክርስቲያናዊ መልእክት አውሎታል። በ1986 ያወጣው አልበም በአሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። አባላቱ ከመድረክ መጽሐፍ ቅዱስ ለተመልካች ይወረውሩ ነበር፤ ታዋቂ የቴሌቪዥን ሰባኪዎች ግን ሙዚቃው የዲያብሎስ ነው ብለው አውግዘዋቸዋል። ድምፃዊውና ጊታሪስቱ ማይክል ስዊት በ1992 ከቡድኑ ወጥቶ የብቻ አልበሞቹን መሥራት ጀመረ። በክራርና በበገና መካከል የነበረው ክርክር በሌላ አህጉር በጊታር ተደገመ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የጊታሪስቱ የብቻ ጉዞ የራሱን ስምና ችሎታ ፊት ለፊት ያወጣል። በበገና ላይ ግን ደርዳሪው ራሱን ከጸሎቱ ጀርባ ማስቀመጥ አለበት፤ ጣቱ ቢፈጥን እንኳ ፍጥነቱን ለማሳየት አይፈጥንም።

ዓለሙ አጋ ይህን ሥርዓት የተማረው ከጎረቤቱ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ ስመ ጥር የበገና መምህር ከቤተሰቡ ቤት አጠገብ መጥተው ይኖሩ ጀመር። ልጁ የመምህሩን በገና ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ይሸከምላቸው ነበር፤ እሳቸውም መደርደር አስተማሩት። ይህ የአብነት ትምህርት መንገድ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ እያገለገለ ይማራል፣ በጽሑፍ ያልሰፈረውን ከመምህሩ እጅና አፍ ይቀበላል። ላስታን በመሰሉ የአብነት ትምህርት አገሮች ዜማና ቅኔ እስከ ዛሬ የሚተላለፉት በዚሁ መንገድ ነው።

ኋላ ዓለሙ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አጠና። በ1972 አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ሲንቲያ ኪምበርሊን ለዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ድምፁን ቀዳች። በዚያው ዓመት በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ማስተማር ጀመረ። በንጉሡ ዘመን በጾም ወራት በሬዲዮ ይሰማ የነበረው በገና በዘመናዊ ትምህርት ቤት መምህር ማግኘቱ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ያ እርምጃ ብዙ አልቆየም። አብዮቱ በ1974 ፈነዳ፤ በገናን ይደግፉና ይማሩ የነበሩ የመኳንንት ቤቶች ፈረሱ፤ ደርግም መንፈሳዊውን መሣሪያ ከሬዲዮ አራቀው። በ1980 በያሬድ ትምህርት ቤት የበገና ትምህርት ሲቋረጥ ዓለሙ ሥራውን ለቆ በፒያሳ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፈተ። ለአንድ መምህር ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ነገር ግን በገና መድረክ የግድ የማይሻ መሣሪያ መሆኑ ያኔ ጠቀመ። ከበሮውና ማኅሌቱ ሰው ይሻሉ፤ በገና ግን በር ዘግቶ አንድ ሰው ቢቀመጥ ይኖራል። ዓለሙ መደርደሩን አላቆመም።

ከደርግ ውድቀት በኋላ በገና ወደ አደባባይ ሲመለስ እሱ በእጁ የያዘውን አስረከበ። በ1990ዎቹ የቀዳው አልበም በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በሚታወቀው ኢትዮፒክስ ተከታታይ ውስጥ 11ኛው ቅጽ ሆኖ የንጉሥ ዳዊት በገና በሚል ርእስ ወጣ። ተከታታዩ በአብዛኛው የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን የአዲስ አበባ ባንዶች፣ ሳክስፎንና ኦርጋን የሞላበትን ሙዚቃ የያዘ ነው። በዚያ መካከል አንድ ሰው በዝግታ ሲማጸን የሚሰማበት ቅጽ መገኘቱ ለውጭ አድማጮች አዲስ ነገር ነበር። ዓለሙም በተለያዩ አገሮች መድረኮች ላይ በገናውን አቀረበ።

የመዝሙሮቹ አሠራር በቀላሉ ይገለጻል። ደርዳሪው አስቀድሞ በአውታር ብቻ ይደረድራል፤ ይህም ራሱንም ሰሚውንም ወደ ተመስጦ ለማስገባት ነው። ከዚያ በለሆሳስ፣ ለንግግር በቀረበ ድምፅ አጫጭር ስንኞችን ይላል። ቋንቋው በአብዛኛው ግዕዝ ሳይሆን አማርኛ ነው፤ ለዚህም ነው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሌላት የገጠር እናት እንኳ ሰምታ የምታለቅሰው። ዜማው አጭር ነው፤ ደጋግሞ ይመለሳል፤ በየምላሹ ግን ስንኙ ይጠልቃል። ሰሙ ስለ እህልና ስለ ቤት ሲያወራ ወርቁ ስለ መቃብር ይናገራል። ዓለሙ ለዚህ አቀራረብ የሚስማማ ድምፅ አለው፤ ዝቅ ብሎ ከአውታሩ ጉርምርምታ ጋር ይዋሐዳል፣ አይጮኽም፣ አይለማመጥም። በዚህ ረገድ ከእሱ በኋላ በብዙ ካሴትና ሲዲ ከወጡት የበገና መዝሙሮች ብዙዎቹ አይደርሱበትም። ዜማውን በማቀናበሪያ መሣሪያ የሚያጅቡና በማስተጋቢያ የሚያደምቁ ሥራዎች በገናን በገና ያደረገውን ዝምታ ያሳጡታል።

ያም ሆኖ መሣሪያው ዛሬ ብዙ ወጣቶች አሉት። ሰንበት ትምህርት ቤቶችና መንፈሳዊ ማኅበራት ያስተምሩታል፤ እንደ ሶስና ገብረ ኢየሱስ ያሉ ሴቶችም ስማቸው የሚጠራ ደርዳሪዎች ሆነዋል። ቤልጅየማዊቷ ተመራማሪ ስቴፋኒ ዌይሰር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለዶክትሬት ዲግሪዋ በገናን ስታጠና በየቦታው ያሉ ደርዳሪዎችን ድምፅ ቀድታለች፤ ሥራዋም የቀደሙትን አባቶች አደራደር ለማወቅ ለሚሻ ሁሉ ጠቃሚ ነው።

ላሊበላ የሚገኝበት ወሎም ለብቸኛ መንፈሳዊ ሙዚቀኛ እንግዳ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው በአምባሰል ግሸን ማርያም መንነው አሥር ዓመት ያህል በጭቃ ቤት፣ በባዶ እግር ኖረዋል። በ1960ዎቹ በጀርመን የታተመውን የመጀመሪያ የፒያኖ ሸክላቸውን ገቢ ለችግረኛ ልጆች ሰጥተዋል። በኢየሩሳሌም በ2023 ያረፉት በ99 ዓመታቸው ነው፤ የእሳቸውም ሥራ በኢትዮፒክስ 21ኛ ቅጽ ይገኛል። ፒያኖና በገና በአሠራር የተራራቁ ቢሆኑም ሁለቱ ሰዎች ሙዚቃን ከዝና አስቀድመው ለጸሎት ማዋላቸው ያመሳስላቸዋል።

ላሊበላ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገቡት አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ዓለቱ መጠለያ ተሠርቶለታል፣ ተመራማሪም ጎብኚም ሲጎርፍለት ኖሯል። ድምፁ ግን እንደዚያ አልተጠበቀም። በላስታ ገዳማትና መንደሮች በገና የሚደረድሩ ወይም የአባቶቻቸውን ስንኝ የሚያስታውሱ አረጋውያን ያሉበትን የሚያውቅ አንባቢ፣ ይልቁንም የአካባቢው ወጣትና የአብነት ተማሪ፣ በመጪው ዐቢይ ጾም ስልኩን ይዞ ድምፃቸውን ይቅዳ፤ ስማቸውን፣ ከማን እንደተማሩና ቅኝታቸውን ይመዝግብ። በእንጦጦ አለቃ ተሰማና በገናቸውን የሚሸከም አንድ ልጅ ባይገናኙ ኖሮ ከዛሬው የበገና ትምህርት ብዙው አይገኝም ነበር።